ቱ የተጻፈባቸው ሦስት ዛፎች

ጋሽ መጋዝ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ሁለት ወሬ አለ። የሥራ ጓደኞቹ፣ ሠላሳ ዓመት ሞተር መጋዝ ተሸክሞ ከመንገድ ሠሪዎች እየቀደመ ዛፍ ሲጥል ስለኖረ ነው ይላሉ። ሚስቱ ግን በሕይወት ሳለች፣ «አትስሟቸው፤ ስሙ የወጣለት ከማንኮራፋቱ ነው፤ ምስክሯም እኔ ነኝ» ትል ነበር። ከየትም ይምጣ፣ ስሙ ተለጥፎበት ቀረ።

ሚስቱ ስታርፍ ቤቱ ውስጥ ማንም ያላየው ጉድለት ተፈጠረ። ጋሽ መጋዝ ማንበብ አይችልም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ዓይኑ እሷ ነበረች፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥም፣ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤም እሷ ታነብለታለች። እሷ በሌለችበት ሰው ወረቀት ሲሰጠው መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ይወለውላል፤ ወረቀቱን ራቅ፣ ቀረብ ያደርጋል፤ ግንባሩን ቋጠር አድርጎም፣ «ይኼ ረጋ ተብሎ መታየት አለበት» ይላል። ሰውም ጠንቃቃ ነው ይለዋል። መነጽሩ የሚስቱ አሮጌ መነጽር ነበር፤ ሲያደርገው ዓለም ሁሉ ይደበዝዝበታል።

ያጋለጠው የተረከዝ ቅባት ነው። ሚስቱ በሞተች በዓመቱ አንድ ጠዋት፣ አብራው የምትኖረው ልጁ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስትከፍት አባቷ ጥርሱን እየቦረሸ ደጋግሞ ሲተፋ አገኘችው።

«አባዬ፣ ይኼ እኮ የጥርስ ሳሙና አይደለም። የተረከዝ ቅባት ነው።»

«እኔም አረፋ እምቢ ሲለኝ ገርሞኝ ነበር።»

«ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ፣ በትልቁ።»

እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ። አባቷን በመስታወቱ ውስጥ አየችው። እሱ ቧንቧውን ከፍቶ እጁን ይታጠባል፤ ታጥቦ የጨረሰውን እጅ እንደገና ይታጠባል። በሳምንቱ አንድ ደብተርና ሁለት እርሳስ ገዝታ፣ እጁን ይዛ ትምህርት ቤት ወሰደችው።

የጎልማሶች ትምህርት የሚሰጠው ሕፃናቱ ከተለቀቁ በኋላ በእነሱው ክፍል ነው። አግዳሚዎቹ ለሰባት ዓመት ልጅ የተሠሩ ስለሆኑ ጋሽ መጋዝ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከአገጩ ሊገናኝ ትንሽ ይቀረዋል። መምህርቷ የመጨረሻ ልጁን ብታክል ነው። በመስኮቱ በኩል ግቢው ይታያል፤ ግቢው ውስጥ፣ መንገዱ ሲሠራ ትርፍ ናቸው ተብለው የተተዉ ትልልቅ የሲሚንቶ ቱቦዎች ተደርድረዋል። የመንደሩ ልጆች ሃያ ዓመት ሙሉ ውስጣቸው ሲሹለከለኩ አድገዋል። ጋሽ መጋዝ በመጀመሪያው ቀን፣ አላፊ አግዳሚ እንዳያየው ከመስኮቱ የራቀ ቦታ መረጠ። እዚያው አግዳሚ ላይ ቀድማ የተቀመጠችው የንብ አርቢው ሚስት ነበረች።

ሌላ ቦታ ቢኖር ይሻለው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በደን የተሸፈነው ተራራ ወገቡ ተቀዶ መንገድ ወደ መንደሩ ሲገባ የዛፍ ቆራጮቹ አለቃ ጋሽ መጋዝ ነበር። መንገዱ በገባ በስምንተኛው ዓመት ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት መታጠፊያው ላይ ከመንገዱ በታች ያለው ተዳፋት ከነድንጋዩ፣ ከነዛፉ ተገምሶ ወረደ። ከሥሩ ቀፎዎቹ ምን እንደሆኑ ሊያይ የወጣ አንድ ንብ አርቢ ነበር። ያገኙት በማግስቱ ነው።

ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ባለሙያ ተብሎ የተጠየቀው ጋሽ መጋዝ ነው። ንብ አርቢው ቀፎ የሚደረድርበት ትንሽ እርከን ከተዳፋቱ ግርጌ ቆፍሮ ነበር፤ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ጋሽ መጋዝ የእርከኑን ቅሪት አየ፤ ናዳውን አየ፤ መነጽሩን ወለወለና፣ «ከታች የተቆፈረ ከላይ ይናዳል» አለ። አባባሏ አጭር ናት፤ ለመያዝ ትመቻለች። ኮሚቴው ጻፋት፣ መንደሩም ያዛት። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሳህን ቆልሎ ሲጥል እናቱ፣ «እንደ ንብ አርቢው በራስህ ላይ ናድከው» ትለዋለች። ሚስትየዋ በደጅ ስታልፍ ትሰማለች፤ ሰምታ ታልፋለች።

በጋሽ መጋዝ ላይ ግን ቂም አልያዘችም። ባለሙያ ነው፤ የሚያውቀውን ተናገረ ብላ ነው የያዘችው። ያን ቀንም ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

«አንተም መጣህ ጋሼ?»

«ልጄ ናት ጎትታ ያመጣችኝ። አንቺስ እህቴ?»

«የባሌን ስም መቃብሩ ላይ ሲጽፉ አንዷን ፊደል ገድፈዋል አሉ። የቷ እንደሆነች በገዛ ዓይኔ ላያት ነው። እስካላየኋት ድረስ እዚያ ሌላ ሰው የተኛ ይመስለኛል።»

ጋሽ መጋዝ ደብተሩን ከፈተ።

ሴትየዋ ቀለም ቶሎ የሚገባት ሆነች። እሱ «ሀ»ን ጨርሶ «ለ» ላይ ላብ ሲያጠምቀው፣ እሷ ገጿን ሞልታ የእሱን ታያለች። «እርሳሱን እንደዚያ አትጨብጠው ጋሼ፤ እንደ መጋዝህ ገመድ ተስቦ የሚነሳ እኮ አይደለም» ትለዋለች። ክፍሉ ይስቃል፤ እሱም ይስቃል። ጆሮው ግን ይቀላል።

«ቀ»ን ተማሩ። «በ»ን ተማሩ። «ተ» የደረሰ ዕለት መምህርቷ ነጭ ጠመኔ አለቀባትና በቀይ ጻፈች። ጥቁሩ ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ገና አልደረቀም። ሁለተኛዋን ፊደል ስትጽፍ ቀዩ ጠመኔ ከእርጥበቱ ጋር ወዝቶ ትንሽ ወደ ታች ወረደ። ጋሽ መጋዝ ያችን ፊደል ያውቃታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ቀድሞ አንድ ነገር አወቀና ሳያስበው ጮክ ብሎ፣ «ይቺማ ቁ ናት» አለ።

«አይደለችም አባባ» አለች መምህርቷ። «ቁ አንገቷ ላይ ክብ አላት። ይቺ መስቀል ናት፤ ወገባቸው ላይ ያለችው አጭር እጅ ብቻ ናት የምታመሳስላቸው። ይቺ ቱ ናት። እስቲ በቱ የሚጀምር ቃል ንገሩኝ።»

«ቱታ» አለ ከፊት አንዱ።

የንብ አርቢው ሚስት በመስኮቱ ወደ ግቢው አየችና፣ «ቱቦ» አለች።

ጋሽ መጋዝ እርሳሱን አስቀመጠ። ሰሌዳው ሰሌዳ መሆኑ ቀረበት፤ እርጥብ የዛፍ ቅርፊት ሆነ፣ በቀይ ቀለም በብሩሽ የተጻፈበት። ትምህርቱ እንዴት እንዳለቀ አላወቀም። ደብተሩን አግዳሚው ላይ ጥሎ ወጣ።

ቤቱ እንደደረሰ ጓዳ ገብቶ የመጋዙን የብረት ሣጥን ከመደርደሪያው ሥር ጎተተ። ከዓመታት በፊት አንድ ወፍራም ወረቀት እጁ ገብቶ ነበር፤ መንገዱን የሚቀይሰው ሰው፣ ችኩል ወጣት ነበር፣ ሥራው ሊጀመር ሲል ደብዳቤ መሳይ ነገር ሰጥቶት፣ «ምልክቶቹን ጽፌልሃለሁ፤ ግልጽ ነው አይደል?» ሲለው፣ ጋሽ መጋዝ ወረቀቱን ራቅ፣ ቀረብ አድርጎ፣ «እንዴታ» ብሎታል። ሚስቱን በወር አንዴ ነው የሚያያት፤ የሠራተኞቹ ሠፈር ጫካ ውስጥ ነበር። አንዱን ጓደኛውን አንብብልኝ ቢል ማታውኑ ካምፑ ሁሉ ይሰማል። የተቀባ ዛፍ የሚቆረጥ ዛፍ መሆኑን ደግሞ ማን ያጣዋል? ወረቀቱ ጥሩ ወፍራም ስለነበር የመጋዙን ጥርስ የሚስልበትን ሞረድ ጠቀለለበት።

ሞረዱ አሁንም እንደተጠቀለለ ነው። ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ ቡኒ ሆኗል፤ ዘይቱ ግን ከብል ጠብቆታል። ጋሽ መጋዝ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ዘረጋው። መነጽሩን አላወጣም። በጣቱ እየተከተለ፣ ገና ያልደረሰባትን ፊደል ልጁ ከገዛችለት የፊደል ገበታ ላይ ከ«ሀ» ጀምሮ እየቆጠረ፣ እየተመለሰ፣ ልጁ ለራት ደጋግማ ስትጠራው «መጣሁ» እያለ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ነገር ብቻውን አነበበ።

«ቁ የተጻፈበት ዛፍ ይቆረጥ። ቱ የተጻፈበት ዛፍ አይነካ፤ የቱቦ ቦታ ነው።»

ሦስት ነበሩ። አስታወሳቸው። ሦስቱም ከመንገዱ መስመር ወጣ ብለው፣ በታችኛው ጠርዝ ላይ የቆሙ፣ ግንዳቸው ለሁለት ሰው እቅፍ የሚበቃ። ረዳቱ፣ «አለቃ፣ ይኼ እንኳ ከመስመሩ ውጭ ነው፤ ምን በደለን?» ብሎት ነበር። እሱ ደግሞ፣ «ቀለም ካለበት ይወድቃል። ቀለም አይዋሽም» ብሎ የመጋዙን ገመድ ሳበ። ከወራት በኋላ ቱቦ ቀባሪዎቹ መጡ፤ ምልክት ፈለጉ፤ አጡ፤ አለፉ። የተረፋቸውን ቱቦ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ደረደሩት።

በማግስቱ ጠዋት ዱላውን ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። ከናዳው ወዲህ መኪና የማይሄድበት መንገድ ሣር በቅሎበታል። ከላይ በኩል፣ ዶዘር ተራራውን የገመሰበት ግድግዳ፣ ዝናብ በሌለበት ቀንም ያልበዋል። ደን ውስጥ ውሃ ከመሬት በታች ተደብቆ ነው የሚወርደው፤ መንገዱ ግን ተራራውን እንደ ዳቦ ቆርሶ የተደበቀውን አውጥቶታል። የወጣው ውሃ በመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ይሰበሰባል። ጋሽ መጋዝ ቦዩን ተከትሎ ወረደ። የመጀመሪያው ረባዳ ቦታ ሲደርስ ውሃው በመንገዱ ሥር ተሻግሮ ወደ ድሮ መውረጃው መግባት ነበረበት፤ የሚያሻግረው ስለሌለ ቀጠለ። ሁለተኛው ጋ ቀጠለ። ሦስተኛው ጋም እንዲሁ። የሦስት ረባዳ ውሃ አንድ ላይ ሆኖ መታጠፊያው ላይ መንገዱን አቋርጦ ይፈሳል፤ የሚፈሰውም ያኔ ዶዘሩ ከነግንዱ፣ ከነጉቶው ወደ ታች ገፍቶ በጣለው ልል አፈር ላይ ነው።

ከሦስቱ ጉቶዎች አንዱን አገኘው። ያን ጠርዝ ጨብጦ ይዞት የነበረ ሥር ነው። ወፈር ያለውን ሥር ይዞ ሳብ ሲያደርገው እንደ ሻገተ ዳቦ እጁ ላይ ተፈረፈረ። ዛፍ ሲቆረጥ ሥሩ ያን ቀን አይሞትም፤ ዓመታት ይፈጅበታል። ይኼን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር። ሲጠየቅ ግን ስለ አንድ ክንድ ተኩል እርከን ነው የተናገረው። እዚያው ጉቶው አጠገብ ቁጭ አለ። ማንም ሰው አልነበረም፤ ያም ሆኖ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ቀረ። ልጁን «ሆዴን» አላት።

በስምንተኛው ቀን የንብ አርቢው ሚስት ደብተሩን ይዛለት መጣች። ልጁ ወደ ሥራ ወጥታለች። ሴትየዋ ሳሎኑ ውስጥ ካለው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ያመለጠውን የቤት ሥራ ገጽ ጨምራ ደብተሩን በክር አሥራለታለች።

«ትምህርቱን ሸሽተህ ነው አሉ። እኔ ግን አሞት ነው እንጂ አይሸሽም አልኳቸው።»

«ደህና ነኝ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር እይልኝ።» ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «መንገዱን ሊከፍቱት ነው። መሬቱ የእኔ ስለሆነ ዓርብ ስብሰባው ላይ ፈርሚ ተባልኩ። በፊት ቢሆን አውራ ጣቴን ነበር የምሰጣቸው፤ አሁን ግን ሳላነብ አልፈርምም ብዬ ሁለት ቀን ታገልኩት።» በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ «አደጋው... የደረሰው... በባለ ይዞታው... ከታች... በመቆፈሩ... ምክንያት ነው።» ቀና አለች። «በትክክል አነበብኩ?»

«በትክክል።»

«ባለሙያ አንተ ነህ ጋሼ። እውነት ከሆነ እፈርማለሁ። ሞኝ ነበር ማለት ነው፤ በሞኝነቱም ቢሆን ባሌ ነው። እውነት ነው?»

የጋሽ መጋዝ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። መነጽሩን ነካው። ተወው። ተነስቶ ጓዳ ገባና የዘይት ሽታ ያለውን ወረቀት አምጥቶ ጭኗ ላይ አኖረላት።

እሷ አነበበችው። ከእሱ ቶሎ ነው የጨረሰችው። አንዴ አነበበችው፣ ደገመችው፤ «ቱ» ላይ ጣቷን አቆመች።

«ሦስቱንም ቆረጥኳቸው» አለ። «ማንበብ አልችልም ነበር። ውሃው መሻገሪያ አጥቶ ነው። ባልሽ አይደለም።»

«ይኼን ወረቀት የሰጠህን ሰው ማንበብ አልችልም ብትለው ኖሮ ምን ትሆን ነበር?»

«ይስቁብኝ ነበር።»

«ይስቁብህ ነበር» አለች፣ ቃሉን እንደ አዲስ ፊደል እያየችው። «በእሱ እኮ ይስቃሉ ጋሼ። አሥራ ሁለት ዓመት። ሳህን በተሰበረ ቁጥር።»

እሱ ወለሉን አየ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ነበር፤ ግን እንደ ተረከዙ ቅባት ነበር፣ አረፋ አላወጣም።

«ጻፈው» አለች።

«ምኑን?»

«አሁን ያልከውን። በእጅህ። የተናገርከውንማ መንደሩ እንዴት እንደሚይዝ አይቻለሁ።»

ደብተሩን ራሷ ፈትታ ንጹሕ ገጽ ከፈተችለት። እርሳሱን ጨበጠ፤ እንደ መጋዝ ነበር የጨበጠው፤ በዚህ ጊዜ አልቀለደችበትም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀ። «ቆረጥኩ» ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ቆ እንዴት ናት?»

ራሷ አልጻፈችለትም። በባዶው የሶፋ ጨርቅ ላይ በጣቷ ሠርታ አሳየችው። ሲጨርስ ወረቀቱን ቀድዳ፣ ከዘይታሙ ጋር ደርባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ መልሳ አወጣችና ሰጠችው።

«አይ፣ አንተው ታነበዋለህ። ዓርብ።»

ዓርብ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የስብሰባው ሊቀ መንበር የሚፈረመውን የስምምነት ወረቀት ሲያነሳ ጋሽ መጋዝ ከኋላ ተነስቶ በመሀል አለፈ። ወረቀቱን ዘረጋ፤ ራቅ፣ ቀረብ አላደረገውም።

«ተ... ራ... ራውን... የና... ደው...»

ከመሀል አንድ ሰው ሳቀ፤ የድሮ ረዳቱ ነበር። «አለቃ፣ መነጽርህን አድርግ እንጂ» አለው።

«መነጽሩ የሚስቴ ነው» አለ ጋሽ መጋዝ። «ማንበብ አልችልም ነበር። አሁን ነው የተማርኩት። ዝም በሉኝና ልጨርስ።»

እሱም ጨረሰ፦ «ተራራውን የናደው ንብ አርቢው አይደለም። የቱቦ ምልክት ያለባቸውን ሦስት ዛፎች የቆረጥኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ዘይታሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሊያየው ሲጋፋ እሱ እጁን የሚያኖርበት አጥቶ ቆሞ ነበር። ሊቀ መንበሩ፣ «እንግዲህ... ያኔ የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ» አለ። የንብ አርቢው ሚስት ሳትፈርም ወጣች።

በሚቀጥለው ትምህርት ጋሽ መጋዝ ሲገባ ሴትየዋ ከፊት፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። አግዳሚው ለእሱ ብቻ ሆነለት። ጉልበቱን እንደልቡ ዘርግቶ መቀመጥ ይችል ነበር፤ አልዘረጋውም፤ የእሷን ቦታ ክፍት አድርጎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ይወቅሱኛል ብሎ የጠበቃቸው ሰዎች አልወቀሱትም። አንዳንዱ እንዲያውም «ጎበዝ፤ በዚህ ዕድሜህ» ብሎ ትከሻውን መታ ያደርገዋል። እሱ ከሙገሳው ይልቅ ወቀሳው ይሻለው ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ መንገድ ሠሪዎቹ መጡ። ከግቢው ቱቦዎቹን በጭነት መኪና ሲጭኑ ልጆቹ ቤታቸው እንደፈረሰባቸው ሁሉ ተሰልፈው አለቀሱ። አዲሷ ቀያሽ ስምምነቱ እንደገና መጻፉን፣ ከመንገዱ ላይ የሚነሳው አፈርም በዚህ ጊዜ ወደ ታች እንደማይገፋ፣ ተጭኖ እንደሚወሰድ ለሕዝቡ ነገረች። ከዚያ ጋሽ መጋዝን ጠርታ፣ «ረባዳ ቦታዎቹን እርስዎ ያውቋቸዋል፤ ያሳዩን» አለችው። የቀይ ቀለም ጣሳና ብሩሽም ሰጠችው።

የንብ አርቢው ሚስት ከኋላ ከኋላ መጣች። ማንም አልጠራትም። መሬቱ የእሷ ስለሆነ የሚከለክላት የለም። የመጀመሪያው ረባዳ ቦታ ሲደርሱ ቆመች፤ ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ። በሁለቱም ቦታ ጋሽ መጋዝ ትልልቅ ድንጋይ መርጦ «ቱ» ብሎ ጻፈ። ሦስተኛው ጋ፣ በተፈረፈረው ጉቶ አጠገብ፣ በራሱ ጊዜ የበቀለ፣ ግንዱ ክንድ የሚያህል ለጋ ዛፍ ነበረ። ጋሽ መጋዝ ብሩሹን ነከረና እጁ ቆመ። ቀለሙ ጫማው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ሴትየዋ ቀረብ ብላ ጣሳውን ከግራ እጁ ተቀበለችው።

«ክብ እንዳታደርጋት» አለችው።

«አላደርጋትም» አለ፤ ቋሚውን አሰመረ፣ አግዳሚውን አሰመረ፣ አጭሯን እጅ ከወገቧ አወጣላት። እሷ ከላይ እስከ ታች አነበበቻት። ከዚያ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ቀድማው ወረደች።